አራት ጎማና ሦስት ሽማግሌ

ጎማ እስክገዛ ድረስ፣ ጎማ ማለት ጥቁርና ክብ ነገር ነው ብዬ በሰላም የምኖር ሴት ነበርኩ። አሁን ግን የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚወርደው ወደ ጎማው ነው። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ መጀመሪያ የማየው ጫማውን ሆኗል። ምን ነካሽ ካላችሁኝ ቁጭ በሉና ልንገራችሁ፤ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን መንገዱም ረጅም ነበር።

ዓለም ገና መንገድ ዳር የዶሮ መኖ እሸጣለሁ። አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና አለችኝ። ነጭ የምላት ሊብሬዋ ላይ ነጭ ተብሎ ስለተጻፈ ነው እንጂ ከውጭ ጭቃ፣ ከውስጥ ፉርሽካ ናት። ከኋላ ወንበሯ ስንጥቅ ውስጥ በቆሎ በቅሎባት ያውቃል፤ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ እኔም ዝም ብዬ አየሁት፣ አሳዝኖኝ። ዶሮ ያለበት ግቢ ደጃፍ ላይ ካቆምኳት ዶሮዎቹ ወጥተው ያጅቧታል። ከእነሱ ሌላ አጅቧት የሚያውቅ ፍጥረት የለም። ይህች መኪና ናት እንግዲህ የወንድሜን ሽማግሌዎች እንድታደርስ የተመረጠችው።

ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እዚያው የምትሠራ ሌንሳ የምትባል የሱሉልታ ልጅ ወደደ። ልጅቷም ወደደችው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም፣ ነገሩን እንዳላበላሸው ብዬ። የቀረው አባቷን ኦቦ ቶሎሳን በሽማግሌ መጠየቅ ብቻ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ ቀላል ሰው አይደሉም። የሌንሳን ታላቅ እህት ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች አርፍደው ቢደርሱ፣ በሩን ሳይከፍቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ ልጄ ብትታመም ሐኪም ቤት የምታደርሷት በዚህ ፍጥነት ነው ወይ ብለው መልሰዋቸዋል ተብሎ ተነግሮናል። ያቺ እህት እስካሁን ቤት ናት።

ለእኛ የሰጡን ቀጠሮ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአራት ሰዓት በፊት ነበር። ብሩክ ቀጠሮው ከተቆረጠ ጀምሮ እህል መቅመስ አቆመ፤ ቢያንስ እኔ እያየሁት። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት፣ ሱቄ መጥቶ የመኖ ጆንያ ላይ ይቀመጥና «እትዬ፣ እንቢ ቢሉስ?» ይለኛል። እሺ ይላሉ እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ይጠይቀኛል። ደንበኞቼ የመኖ ዋጋ መሰላቸው።

ሦስት ሽማግሌ አሰባሰብን። አንደኛው ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ ከጎጃም መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን የሚናገሩበት ቦታ አጥተው የሚሰቃዩ ሰው። ለሱሉልታ ያዘጋጁትን ንግግር ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን እየፋቁ ሲለማመዱት በአጥር እየሰማሁ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር። ሁለተኛው አቶ ወልዴ ናቸው፤ ከወላይታ መጥተው ብሩክ በሚሠራበት ፋብሪካ ፎርማን የሆኑ፣ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ፣ ሻይ ሲጠጡ እንኳ ከስኳሩ በፊትና ከስኳሩ በኋላ የሚጸልዩ። ሦስተኛው ቡራዩ የሚኖሩት የአባቴ ወዳጅ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ያለ እሳቸው ነገሩ አይሆንም፤ ኦቦ ቶሎሳ ኦሮምኛ ካልሰሙ ፊታቸው አይፈታም ተብለናል፣ ኦቦ ገመቹ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ሰውን እሺ ማሰኘት ይችሉበታል።

እኔ ሹፌር ነኝ። ከመኪናው ሳልወርድ፣ አፌን ዘግቼ እንድጠብቅ ተወሰነ። አለመውረዱን እችላለሁ ብዬ ተስማማሁ።

በዚያው ሳምንት የኋላ ጎማዬ ተንፍሶ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ጎሚስታው ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰና ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጥርሱ አልቋል፣ የአራስ ልጅ ጭንቅላት መስሏል አለኝ። ቀሪዎቹ ሦስቱም ወንድማማቾች ናቸው አለኝ። ቅዳሜ ሱሉልታ መንገድ እንዳለብኝ ነገርኩት። የእንጦጦን ዳገት በዚህ ዝናብ ወጥተሽ ወርደሽ? አለኝ። አዎ፣ ሽማግሌዎች ጭኜ አልኩት። የያዘውን ጎማ መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጆቻቸው ያውቃሉ?» አለኝ።

በዚህች ጥያቄ ምክንያት አራቱንም ጎማ ልቀይር ቆረጥኩ።

ጎማ ልገዛ ነው ማለት ነፍሰ ጡር ነኝ እንደ ማለት ነው። ያገኛችሁ ሰው ሁሉ ይመክራችኋል፤ ያልወለደው ደግሞ አብልጦ ይመክራል። ከሱቄ ፊት ለፊት ቲማቲም የምትሸጠው ወዳጄ፣ መኪና ውስጥ የምትገባው ለለቅሶ ብቻ ስትሆን፣ ያገለገለ የጃፓን ጎማ ግዢ አለችኝ፤ የእነሱ መንገድ ምንጣፍ ስለሆነ ጎማቸው ተጨንቆ አያውቅም። የባጃጅ ሹፌሮቹ በአንድ ድምፅ ወፍራም ይሁን አሉ። መኖ የሚገዙኝ አንድ አስተማሪ ደግሞ አራት አዲስ መግዛት ብክነት ነው፣ የፊቶቹን ብቻ ለውጪ፣ የኋላዎቹ መከተል አያቅታቸውም አሉኝ። ለሁሉም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ከብዶኝ አያውቅም፤ የሚከብደኝ ከእሺ በኋላ ያለው ነው።

በመጨረሻ እንደ ልማዴ ራሴን ላስተምር ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። የዶሮ በሽታንም፣ ግብር አከፋፈልንም፣ የመጋረጃ ስፌትንም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ስለ ጎማ ሲናገር ማልቀስ ብቻ የሚቀረው አንድ ሰውዬ አገኘሁ። ሰውዬው እንደሚለው ጎማም እንደ ወተት ቀን አለው። ጎኑ ላይ አራት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ቀኑ የቆየበት ጎማ መንገድ ባይነካ እንኳ ከውስጥ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ አንድ ቀን በሰው ፊት ያዋርዳችኋል። ሰውዬው ከዚህ በኋላም ብዙ ቁም ነገር ሳይናገር አልቀረም። እኔ ግን ቀኑን ይዤ ሮጥኩ።

የራሴን ጎማ ቁጥር ፈለግኩ፤ ተፍቆ ጠፍቷል። ከዚያ የጎረቤቶቼን አየሁ። ከዚያ መንገድ ዳር የቆመውን ሁሉ። አንድ ቀን ዓለም ገና ተራ የሚጠብቅ ሚኒባስ ጎማው አዲስ ሆኖ ዓይኔን ሳበው። ቁጥሩ ግን ከውጭ በኩል የለም፤ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው የታሰረው። ነጠላዬን ሰበሰብኩ፣ ተንበረከክሁ፣ አንገቴን ከመኪናው ሥር አስገባሁ። ቁጥሩን ላነብ ስል ከላይ ረዳቱ ምን እየቀበርሽ ነው አለኝ።

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው መኪና ሥር። የጎማ ዕድሜ እያየሁ ነው አልኩት። ይህን መልስ ጮክ ብዬ ስሰማው እኔንም አላሳመነኝም። ሹፌሩ ወረደ። ሰሞኑን ገበያ የጠፋብኝ ለካ በምክንያት ነው አለ። ተሳፋሪው በሙሉ ወረደ። የሚያማትበው አማተበ፣ የሚገሥጸው ገሠጸ፣ ከጎማው ሥር ፍለጋ ተጀመረ። በመጨረሻም ውሻ ጥሎት የሄደ የዶሮ አጥንት ተገኘ። የዶሮ መኖ ነጋዴ መሆኔን የማያውቅ በአካባቢው የለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

አቶ ወልዴ ከሥራ ሲመለሱ በዚያ ባያልፉ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ከሌላ ከተማ ነበር። ሰውን አረጋጉ። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የምትችል ሰው አይደለችም አሉ፤ ትንሽ ቅር እያለኝ አመሰገንኳቸው። ከዚያ ሹፌሩ ልቡ እንዲያርፍ አራቱንም ጎማ እየዞሩ ጸለዩለት፤ መጠባበቂያ ጎማውን፣ ስኮርታውንም አስወርደው ጸለዩበት። እኔም በዚያች ሰዓት ለራሴ ቃል ገባሁ። የእኔ ጎማ ሲታሰር ቁጥሩ ወደ ውጭ ይሆናል፤ ማንም የእናት ልጅ የእኔን ጎማ ለማንበብ አይንበረከክም።

ከዚያ በኋላ ሰበታ ውስጥ ያልረገጥኩት የጎማ ሱቅ የለም። አንዱ ሻጭ ያወጣልኝ ጎማ ሲያብረቀርቅ ዓይን ይወጋል፤ ቁጥሩን ሳነብ ከብሩክ የሥራ ዘመን ይበልጣል። ታጥቦ በሆነ ነገር ተወልውሎ ነው። ሌላው በልኬ ያለው ሁለት ብቻ ነበር። ሦስተኛው ሱቅ አራቱም በልኬ፣ አራቱም ጥሩ፣ የተሠሩትም ባለፈው ዓመት ነበር። እዚህ ላይ ገዝቼ ብወጣ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሊቅ ሆኛለሁ። ባለፈው ዓመት? አልኩት፤ የትናንት ወጥ እንዳቀረበልኝ ሁሉ ፊቴን አዙሬ። ሻጩ አክስቴ፣ አንቺስ የዘንድሮ ነሽ ወይ ብሎ መለሰልኝ። ተቀይሜ ወጣሁ። ዓርብ ሱቆች ሲዘጉ መኪናዬ በእነዚያው ራሰ በራ ጎማዎቿ ደጄ ቆማለች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ተሰማንና አቶ ወልዴን ጫንኩ። ብሩክ ሦስቴ በሩን ከፍቶ ሦስቴ ዘጋልን። ጋሽ ተሰማ ሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ንግግራቸውን በከንፈራቸው እያንቀሳቀሱ ቡራዩ ደረስን። ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ይጠብቁናል። ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ሊገቡ በሩን ያዙና ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። በዱላቸው ጫፍ ጎማዬን ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ የመኪናውን በር መልሰው ዘጉት።

በዚህ አልሄድም አሉ። አባትሽ እንኳ ቢነሣና ቢለምነኝ አልሄድም፤ እንዲያውም እሱ ቢነሣ መጀመሪያ አንቺን ነው የሚቆጣሽ አሉኝ። ጎማ የሚሸጥ የማውቀው ሰው አለ፣ ማልዶ ይከፍታል፣ ገዝተን እንሄዳለን አሉ። ጊዜ ነበረን። ጊዜ አለን ብሎ ሽማግሌ ይዞ ሱቅ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ሻጩ ሀብታሙ የሚባል ጎልማሳ ነው። ኦቦ ገመቹ ገና ከበሩ አካም ቡልተን ብለው ጀመሩ። እንዴት አደራችሁ ነው፣ ግን በዚያ አያበቃም። ጤናው፣ ቤተሰቡ፣ ዝናቡ፣ እህሉ፣ ከብቶቹ በየተራ ተጠየቁ። ሀብታሙ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከብት የለውም። ቢሆንም ደህና ናቸው አለ። የእኔ ልክ የሆኑ አራት ጎማዎች ከነወረቀታቸው ጥግ ላይ ተደርድረው አየሁ። ሽማግሌዎቹ ገና ዝናቡ ላይ ሳሉ እኔ ሄጄ ቁጥራቸውን አነበብኩ። ከተሠሩ ገና ጥቂት ሳምንት ነው። ልቤ ደረቴን መታው፤ ብሩክ ሌንሳን ሲያይ የሚሰማው ይህ ከሆነ ወንድሜ በከንቱ አልከሳም አልኩ።

እነዚህን ስጠኝ አልኩት። ሀብታሙ አንገቱን ደፋና፣ «እነሱማ ለሌላ ሰው ቃል ተገብቶባቸዋል» አለ።

ይህን ቃል ከተናገረ በኋላ ነገሩ ከእኔ እጅ ወጣ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሌሊቱን ሲዘጋጁ ያደሩለት ነገር ቀድሞ ቡራዩ ላይ የደረሰላቸው መሰለኝ። ጋሽ ተሰማ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ። ከዚህ ቤት ያማረ፣ የተከበረ፣ በሥርዓት የተቀመጠ ነገር እንዳለ ሰምተን፣ እኛም የምናስቀምጠው ሰው አለንና፣ ዝምድናችሁን ፈልገን መጥተናል ብለው ጀመሩ። በአጥር የሰማሁት ንግግር ነው፤ አንድ ቃል አልተቀየረም። ሀብታሙ እጁን አጣምሮ ሰማ። መሃል ላይ ወደ እኔ ዞር ብሎ ስለ ጎማ ነው አይደል? አለኝ በሹክሹክታ። ነው አልኩት፤ ለራሴም እየተጠራጠርኩ።

አቶ ወልዴ ቀጠሉ። ሰውዬው ቀብድ አስይዟል ወይ ብለው ጠየቁ። አላስያዘም። መጥቶ አይቷቸዋል ወይ? አላየም፤ በስልክ ብቻ ነው የጠየቀው። ሦስቱም በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። በዓይኑ ላላየው፣ ሰው ላልላከበት፣ በስልክ ብቻ ላጫት ሰው እንዴት ይታሰራል አሉ ጋሽ ተሰማ። ላጫት ያሉት ጎማዎቹን መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ኦቦ ገመቹ ደውልለት አሉ። ተደወለ፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው ሀሎ ከማለቱ የማን ልጅ እንደሆነ ተጠየቀ። የአገሩን ስም ሲነግራቸው ኦቦ ገመቹ እዚያ የሚያውቁትን ሰው ጠሩ፤ የሰውዬው የአክስት ባል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ማምለጫ አልነበረውም። አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀበላል። ስለ ብሩክ አለመብላት ተነገረው፤ ስለ ሌንሳ እህት ተነገረው፤ ስለ እንጦጦ ቁልቁለት ተነገረው። ሰውዬው በመጨረሻ በደከመ ድምፅ፣ «አባቶቼ፣ ውሰዷቸው፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ጋሽ ተሰማ ምርቃት አለብን ብለው ከለከሉት። መረቁት። ከእሳቸው አስከትለው አቶ ወልዴ ጸለዩለት። ከስልኩ ውስጥ አሜን፣ አሜን የሚል ድምፅና የሆነ ማሽን ጩኸት እየተፈራረቀ ይሰማ ነበር።

ዋጋ ከፈልኩ፤ ስለ እሱ እንዳናወራ። እዚያው አጠገቡ ሌላ ጎሚስታ ነበር። አሁን ጊዜ ሄዷል፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከበውት ቶሎ በል ይሉታል፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩ በአራቱም ወደ ውጭ ይሁን እለዋለሁ። የቀኙን አሰረ። ወደ ግራው ሲመጣ እትዬ፣ በዚህ በኩል ግን ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። ቁጥሩ ወደ ውጭ ብያለሁ፣ እኔ ያነበብኩ ሰው ነኝ አልኩት። ያነበበ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ነው መሰል ዝም ብሎ አሰረው። ስንነሣ ኦቦ ገመቹ ገለቶማ ብለው አመሰገኑት፤ ጋሽ ተሰማ ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ ወደ መኪናው ገፋኋቸው።

አስኮን አልፈን፣ አዲሱ ገበያ ደርሰን፣ ዳገቱን ስንይዝ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ጋሽ ተሰማ ድንገት ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያስፈራል፤ ታመው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ንግግሬን ጨረስኩት አሉኝ። ለሱሉልታ ያልኩትን ሁሉ እዚያ ጎማ ቤት ተናገርኩት፤ አንድ ጊዜ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደግሜ ስለው ከልብ አይሆንልኝም አሉ። አዲስ ለማዘጋጀት ሞከሩ። ያማረ፣ ጠንካራ፣ ለመንገድ የሚሆን ብለው ቆሙ። እንደገና ሞከሩ። ለዝናብም ለፀሐይም የማይበገር አሉ። አቶ ወልዴ ከኋላ ሆነው በእርጋታ ይቺም ጎማዋ ናት አሏቸው።

ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ ኩርባ ስዞር፣ መኪናዬ በግራ ጎኗ ሸርተት አለች። ትንሽ ናት፣ ግን መሪውን በሁለት እጄ አነቅሁት። በዝናብ የሚሮጡ ሯጮች ከመንገዱ ጠርዝ ዘለው ወረዱልን። አቶ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጸለይ ጀመሩ። ኦቦ ገመቹ ደግሞ አንቺ እንኳ እንዳትጨፍኚ አሉኝ። አዲስ ጎማ እስኪለምድ ነው አልኳቸው፤ ይህንን የትም አላነበብኩትም። ከዚያ በኋላ እየተንፏቀቅሁ ነዳሁ፤ ከብት የሚነዱ ሰዎች በእግራቸው አለፉን። ሱሉልታ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፎ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ በራቸው ላይ ቆመዋል። ረጅም ናቸው፤ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። በሩ ክፍት ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ የሞሉት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ወርደው ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። እኔ በተወሰነው መሠረት መሪዬን ይዤ አፌን ዘጋሁ። ኦቦ ገመቹ ሰላምታውን በኦሮምኛ አወረዱት። ኦቦ ቶሎሳ በአጭሩ መለሱ። አልገቡም፣ አላስገቡም። ዓይናቸው ግን ከሽማግሌዎቹ አልፎ መኪናዬ ላይ፣ እሱም ከመስኮቷ ዝቅ ብሎ ማረፉን አየሁ።

ብሩክ ከብት አርቢ ናቸው ብሎን ነበር። ከብት አለ፣ አልዋሸም። ግን ከከብቱ በረት ጎን፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ መኪና የሚያነሣ ክሪክ በየመጠኑ፣ የጎማ መፍቻ ብረት፣ ኮምፕሬሰር ተደርድሮ በበሩ ክፍተት ይታየኛል። ለካስ ሰውዬው ከብቱን የያዙት በስተርጅና ነው፤ ጉልበታቸውን የጨረሱት ተሳቢ በመንዳት ነው። ወንድሜ ስለ ልጅቷ አረማመድ ብቻ ስንት ነገር ሲነግረኝ፣ አባቷ ምን ሠርተው እንዳሳደጓት አልጠየቀም።

ኦቦ ቶሎሳ ወደ መኪናዬ ቀኝ ጎን መጡ። የፊቱን ጎማ ጎንበስ ብለው አዩት። ቁጥሩን ድምፅ አውጥተው አነበቡት፤ መንበርከክ አላስፈለጋቸውም። ትኩስ ነው አሉ፣ ለራሳቸው። የኋላውን አዩ፤ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። የሽማግሌዎቹ ፊት በራ። እኔ በደስታ መሪው ላይ ተጣበቅሁ። ከዚያ በኋላ ዞረው ወደ ግራ መጡና ቆሙ። ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ። ለረጅም ጊዜ አልተነሡም።

ሹፌሯ ትውረድ አሉ።

ወረድኩ። «ይህን ያሰረው ማን ነው?» አሉኝ። ጎሚስታው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ እኔ ነኝ ያዘዝኩት አልኩ። ጣታቸውን ጎማው ላይ አደረጉ። ከምወደው ቁጥር አንድ ስንዝር በማይርቅ ቦታ ላይ ቀስት ተስሏል። ጎማው በየት በኩል መዞር እንዳለበት የሚናገር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጌጥ ነበር የመሰለኝ። የቀኞቹ ቀስቶች ወደ ፊት ያያሉ። የግራዎቹ ግን ወደ መጣንበት፣ ወደ ቡራዩ። ጥርሱ ውሃውን ወደ ውጭ እንዲተፋ ተሠርቶ ሳለ አንቺ ወደ ውስጥ እንዲሰበስብ አሰርሽው አሉኝ። እንጦጦ ላይ ያንሸራተተን እሱ ነበር ማለት ነው።

«ቁጥሩ እንዲታይ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ለማን?» አሉኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ኦቦ ቶሎሳ ተነሥተው ሽማግሌዎቹን አዩ፤ በተለይ ነጭ ጢማቸውን። ሦስት አባቶች ጭና፣ በዚህ ዝናብ፣ በዚያ ቁልቁለት አሉ። ሰዓት ማሳለፋችንን ረስተውታል፤ ይህ ግን ከሰዓት ይብሳል። «ልጄ እንዲህ በታሰረ ጎማ ላይ አትሳፈርም» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ቆርቆሮው ጥላ ሄዱ።

ብሩክ በዓይኔ መጣብኝ፣ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ። ቤት ስመለስ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? እንቢ አሉ፣ በእኔ ቁጥር ምክንያት ልበለው? ጋሽ ተሰማ አፋቸውን ከፈቱ፤ ባዶ ነበር። አቶ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና ሦስቱም በጭቃው ላይ እንደቆሙ ናቸው። ቆመው ይመለሱ ይሆን እያልኩ ሳስብ ኦቦ ቶሎሳ ትልቅ ክሪክ ይዘው ተመልሰው መጡ። መኪናዬ ሥር ገቡ። ያን ያህል ዘመን የነዳ ሰው እንዲህ የታሰረ ጎማ አይቶ እጁን አጣምሮ መቆም አይችልም መሰለኝ።

ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው ስለ አየር ጠባይ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«ከተስተካከለስ?» አሉ።

«ምኑ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ከመኪናው ሥር፣ ክሪኩን እያዞሩ።

«ጎማው። ከተስተካከለ ልጅቷ ትሳፈራለች?»

«ከተስተካከለማ ለምን አትሳፈርም» አሉ።

ክሪኩ ቆመ። ያሉትን ነገር ከሁላችንም ዘግይተው የሰሙት እሳቸው ነበሩ። እንደ ወጉ ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሽማግሌ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ተመላልሶ ነው እሺ የሚባለው። እሳቸውም ይህንኑ ሊሉ ጭንቅላታቸውን ከመኪናው ሥር ሲያወጡ ከቤት ውስጥ እልልታ ተሰማ። እናትየው ከመስኮቱ ጀርባ ሆነው ሲያዳምጡ ኖረዋል። ኦቦ ቶሎሳ ገና አልጨረስኩም ብለው ወደ ቤቱ ተጣሩ። መልሱ ሁለተኛ እልልታ ነበር፤ ይህኛው የወጣት ድምፅ ነው፣ የሌንሳ ይሁን የእህቷ አላወቅሁም።

ኦቦ ቶሎሳ ወደ ቤቱ አዩ፣ ወደ ኦቦ ገመቹ አዩ፤ ኦቦ ገመቹ ሰማዩን እያዩ ነበር። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሁለቱንም ጎማ ከብረቱ፣ ከቸርኬው አውጥተው ገለበጡ፣ ነፉ፣ ቀስቱን ሁለቴ አዩ። እኛ ቆመን እንጠብቃለን። እሺ ይሁን እንቢ፣ ከአባትየው አፍ የጠራ ነገር አልወጣም። እልልታው ጋብ ብሏል፤ የሚሰማው የመፍቻው ድምፅ ብቻ ነው። የመጨረሻውን ጎማ ቦታው አስገብተው ሲያጠብቁ አንድ የጎማ ማሰሪያ ዳዶ ጭቃው ላይ ተንከባሎ እግሬ ሥር ደረሰ።

ኦቦ ቶሎሳ ቀና ሳይሉ መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«እስቲ እሱን አቀብዪኝ፣ አማች» አሉኝ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ፣ ያገኙት ነገር ላይ ተቀመጡ።